የናሙናው የወፍ ቤት ተከራይ ጉዳይ

ጎጆ ለአዕዋፍ የእንጨት ሥራ ኅብረት ሽርክና ማኅበር
የአስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ይጁቤ ከተማ፣ የማኅበሩ ሼድ
የተጠራበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00
የተጀመረበት ሰዓት፦ 4፡10
የዘገየበት ምክንያት፦ ሰብሳቢው የሼዱን ቁልፍ ቤታቸው ረስተው ስለመጡ፣ ቁልፉን ሊያመጡ ሲመለሱ ደግሞ ቁርስ ስለቀረበላቸው።

የተገኙ አባላት፦
1. አቶ ገዳሙ፣ ሰብሳቢ። በመናኸሪያ የስምሪት ሠራተኛ የነበሩ፣ አሁን ጡረተኛ።
2. ወ/ሮ ሸሪፋ፣ ገንዘብ ያዥ። የሚስማርና የቀለም ነጋዴ።
3. ወ/ሮ የብርጓል፣ አባል። ገበሬ። ናሙናው ቤት የተሰቀለበት የብሳና ዛፍ ባለቤት።
4. ማርያማዊት፣ የንድፍ ኃላፊ። ሥነ ሕንፃ ተምራ ወደ ይጁቤ የተመለሰች።
5. ምስጋናው፣ ጸሐፊ። የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር።

ዘግይተው የተገኙ፦ አቶ ደምለው፣ አናጺና ቀፎ ሠሪ። የዘገዩበት ምክንያት በአጀንዳ ሁለት ሥር ይገኛል። ራሳቸው የሰጡት ምክንያትም እዚያው ይገኛል። ሁለቱ አይመሳሰሉም።

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፦ በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት አራት አባላት ከተገኙ ስብሰባ ይካሄዳል። ሰብሳቢው አምስት ሰው ቆጥረው፣ "አንድ ሰው ይቀረናል፤ ሳይሞላ አንነሣም" አሉ። ጸሐፊው ይህ ስብሰባ እንጂ የደብረ ማርቆስ መኪና አለመሆኑን አስረዳ። ሰብሳቢው በሩ ላይ ቆመው መንገዱን ወዲህና ወዲያ ከተመለከቱ በኋላ ስብሰባው እንዲነሣ ፈቀዱ።

ዕለቱ የአቡነ አረጋዊ በዓል ስለሆነ መጋዝም መዶሻም አይነሣም። "ስብሰባስ ቢሆን በዓል መሻር አይሆንም ወይ?" የሚል ጥያቄ ከወ/ሮ የብርጓል ቀርቦ ረዥም ውይይት ተደረገበት። የማኅበሩ ያለፉት ስብሰባዎች ውጤት አንድ በአንድ ከታየ በኋላ ስብሰባ ሥራ አለመሆኑ በሙሉ ድምፅ ታምኖበታል። ወ/ሮ ሸሪፋ፣ "በዓሉ የእናንተ፣ የተዘጋው ሱቅ የእኔ። ወላሂ እናንተ ጋ ከገባሁ ወዲህ የሁለት ሃይማኖት በዓል ነው የማከብረው" ብለው ይህ እንዲመዘገብላቸው ጠየቁ። ተመዝግቧል።

ስብሰባው የተጠራበት ጉዳይ የሚከተለው ነው። ማኅበሩ ከዋንዛ ጣውላ ዘመናዊ የወፍ ቤት ይሠራል። ቤቶቹ ባለ ፎቅ ናቸው፤ በራቸው ክብ፣ ጣራቸው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። ንድፉ የማርያማዊት፣ እጁ የአቶ ደምለው ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ባለ አትክልት የእንግዳ ማረፊያ የሚከፍቱት ወ/ሮ ሳጂዳ ለግቢያቸው ዛፎች ሁሉ ሊያሠሩ ፈልገዋል። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ወፍ ሲገባበትና ሲወጣበት በዓይኔ ልይ። ማንም ያልኖረበት ቤት አልገዛም።" ለዚህም ቅዳሜ ይመጣሉ። ናሙናው ከመስቀል በፊት ጀምሮ በወ/ሮ የብርጓል ግቢ ተሰቅሏል። እስከ ዛሬ አንድም ወፍ አልገባበትም።

ማርያማዊት ቅዳሜ ትእዛዙ ካልተገኘ ሰኞ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄዳ አክስቷ ባገኙላት የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይነት ሥራ እንደምትጀምር አስታወቀች። ቦርሳዋም ተዘጋጅቷል። እሷ ከሄደች ማኅበሩ ሳጥን ሠሪ ሆኖ ይቀራል። ይህ የጸሐፊው አስተያየት ነው፤ የተቃወመ የለም።

አጀንዳ 1፦ ወፍ ወደ ናሙናው ያልገባበትን ምክንያት ማጣራት

አቶ ገዳሙ ወፎቹ ያልገቡት ቤቱ ለእነሱ መሠራቱን ስለማያውቁ ነው፤ ስለዚህ ታፔላ ይሰቀል ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ጸሐፊው ወፍ ማንበብ እንደማትችል ገለጸ። አቶ ገዳሙ፣ "መምህር፣ እኔ ያሳፈርሁትም ሕዝብ ሁሉ ማንበብ አይችልም ነበር። ታፔላ ሲያይ ግን ይሰበሰባል" ሲሉ መለሱ።

ወ/ሮ የብርጓል ጥፋቱ የቀለሙ ነው አሉ። ቀይ ቀለም ሰው እንኳ ያስደነግጣል ብለዋል። ቀለሙ ከወ/ሮ ሸሪፋ ሱቅ የመጣ ስለሆነ ወ/ሮ ሸሪፋ ነገሩን በቀላሉ አላዩትም። "የብርጓል፣ ያንቺም በር በዚሁ ቀለም ነው የተቀባው። አንቺን አስደንግጦሽ ውጭ አድረሽ ታውቂያለሽ?" አሉ። ወ/ሮ የብርጓል ባለቤታቸው አንዳንድ ማታ ውጭ እንደሚያድሩ፣ ምክንያቱ ግን ቀለሙ ይሁን ሌላ እስከ ዛሬ እንዳልተጣራ ተናገሩ። ይህ ከአጀንዳው ጋር ግንኙነት ስለሌለው ውይይቱ እንዲቋረጥ ሰብሳቢው አዘዙ። ውይይቱ ግን ወዲያው አልተቋረጠም።

ማርያማዊት፣ "ቀን ቀን ዛፉ ሥር ማን ይውላል?" ብላ ጠየቀች።

ወ/ሮ የብርጓል፣ "እኔ ነኛ። ሌላ ማን ሊሆን ነው?"

"ምን ሲያደርጉ?"

"ገብሴን እጠብቃለኋ።"

"በምን?"

"በወንጭፍ ነዋ! ልጄ፣ ወፍ በምን ይጠበቃል፣ በልመና?"

ከጥያቄና መልሱ እንደተረዳነው የወ/ሮ የብርጓል የገብስ ማሳ ከብሳናው ሥር ይጀምራል። ናሙናው ከተሰቀለ ጀምሮ ወ/ሮ የብርጓል ከጠዋት እስከ ማታ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ወደ አካባቢው የሚመጣን ወፍ ሁሉ ሲወነጭፉ ቆይተዋል። ወፍ ሲያዩ እጃቸው ፈቃድ እንደማይጠይቃቸው፣ በሕፃንነታቸውም ማማ ላይ ያደጉ መሆናቸውን አስረዱ።

ማርያማዊት፣ "እትዬ የብርጓል፣ የወፍ ቤት እኮ ነው!" አለች።

"ቤቱ የወፍ ነው፤ ገብሱ የእኔ ነው" አሉ።

እስከ ቅዳሜ ወንጭፍ እንዳይነሣ ጸሐፊው ሐሳብ አቀረበ። ወ/ሮ የብርጓል ገብሱ እሸት መሆኑን፣ ወፍ ደግሞ ቀጠሮ እንደማያከብር ገልጸው ተቃወሙ። አቶ ገዳሙ የማስታረቂያ ሐሳብ አመጡ። ወደ ቤቱ የምትበር ወፍና ወደ ገብሱ የምትበር ወፍ መስመራቸው የተለያየ ስለሆነ፣ ወደ ቤቱ የምትሄደው ትለፍ፣ ወደ ገብሱ የምትሄደው ትወንጨፍ አሉ። ወ/ሮ የብርጓል፣ "ጋሼ ገዳሙ፣ ወፍ ትኬት ይዛ አትበርም እኮ" አሉ። ሆኖም ከረዥም ውይይት በኋላ የሚከተለው ተወሰነ።

ውሳኔ 1፦ ወደ ቤቱ የሚበሩ ወፎች በሰላም ይለፉ፤ ወደ ገብሱ የሚበሩት ይወንጨፉ፤ ሐሳባቸው ያልታወቀ ወፎች እስኪወስኑ ይጠበቁ።

ውሳኔ 2፦ የወፍ ሥዕል ያለበት ታፔላ ከዛፉ ላይ ይሰቀል። ጸሐፊው ተቃውሟል።

አጀንዳ 2፦ ቅዳሜ ስለሚደረገው ዝግጅት

ይህ አጀንዳ እንደተከፈተ አቶ ደምለው ገቡ። የግራ ዓይናቸው ሙሉ በሙሉ ተደፍኗል፤ ግንባራቸውም አብጧል። ስለዘገዩበት ሲጠየቁ ጥርሳቸውን ሲያማቸው ማደሩን አስረዱ።

ወ/ሮ የብርጓል፣ "አንተ ደምለው፣ ጥርስህ ግንባርህ ላይ ነው እንዴ የበቀለው?" አሉ።

አቶ ደምለው ሕመም እንደሚዛመት መለሱ።

ማርያማዊት ከቅዳሜ በፊት የናሙናውን ውስጥ ማየት እንደሚገባ፣ መሰላል ከተሰጣት አሁኑኑ እንደምትወጣ ተናገረች። አቶ ደምለው፣ "ምኑን ታይዋለሽ፣ ቤት ነው። የሠራሁት እኔ፣ የማውቀው እኔ" አሉ። እሷ ስትነሣ እሳቸውም ተነሡ። እሷ ወደ በሩ ስትሄድ እሳቸው ቀድመው በሩን በገላቸው ዘጉት። ሰብሳቢው ሥነ ሥርዓት እንዲከበር አሳሰቡ። በዚህ ጊዜ ጸሐፊው በአቶ ደምለው ጋቢ ጠርዝ ላይ ንብ ስትራመድ ስላየ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ ብሎ እጁን አወጣ። ዕድል ተሰጠው። ንቧን በጣቱ አመለከተ።

አቶ ደምለው ጋቢያቸውን ተመለከቱ። ከዚያም፣ "ገብተውበታል" አሉ።

ማርያማዊት፣ "ማን?"

"እነሱ ናቸዋ። ንቦቹ።"

"የት ነው የገቡት?"

"ቤትሽ ውስጥ።"

አቶ ደምለው እንዳመኑት፣ ጠዋት ማንም ሳያይ ንቦቹን ሊያስወጡ ሄደው ነበር። ወ/ሮ የብርጓል፣ "በአቡነ አረጋዊ ቀን?" ብለው ሲቆጡ፣ "ሥራ አልሠራሁም፤ ለመንኋቸው እንጂ" አሉ። ልመናው ያመጣው ውጤት ከፊታቸው ይታያል።

ወ/ሮ የብርጓል ከሥሩ ውለው ንቦቹን ለምን እንዳላዩ ሲጠየቁ፣ የሚጠብቁት ወፍ እንጂ ንብ አለመሆኑን አስረዱ። አቶ ደምለው ደግሞ ንቦቹ እንዴት ሊገቡ እንደቻሉ ተጠየቁ። የሰጡት ቃል እንዲህ ነው፦ "እንደማንኛውም ቀፎ ከመስቀሌ በፊት በጥንጁት አጠንሁት። ውስጡንም ለመዓዛው ሰም ቀባ ቀባ አደረግሁት። ዛፍ ላይ የሚሰቀል ነገር ሳይታጠን ይሰቀላል እንዴ? አባቴም እኔም ሳናጥን የሰቀልነው ነገር የለም።"

ጥንጁት ንብ የሚወደው ቅጠል ነው። እዚህ አገር ያለ ቀፎ ሠሪ ሁሉ የንብ መንጋ ለመሳብ ቀፎውን በጢሱ ያጥናል። ጸሐፊው የነገሩን ጭብጥ ባጭሩ ለስብሰባው አቀረበ። ማኅበሩ በዛፉ ላይ ወፍ እንዲገባ ቤት ሰቅሏል፤ አንዱ አባል ንብ እንዲገባ አጥኖታል፤ ሌላዋ አባል ወፍ እንዳይገባ ከሥሩ ቁጭ ብለው ጠብቀውታል። ከዚህ የተሻለ የሥራ ክፍፍል ማኅበሩ ከተመሠረተ ወዲህ እንዳልታየ ገለጸ። ወ/ሮ ሸሪፋ ይህ ምስጋና ነው ወይስ ስድብ ብለው ጠየቁ። ስድብ መሆኑን ጸሐፊው አረጋገጠ።

ማርያማዊት፣ "አያ ደምለው፣ ቀፎ አይደለም እኮ! በር አለው፣ ፎቅ አለው፣ በረንዳ አለው..."

"አንቺ ደግሞ። እነሱም ወደውታል። ምድር ቤቱን ሞልተው ፎቁን ጀምረዋል" አሉ። በድምፃቸው ኩራት እንደነበረበት ሁሉም ሰምቷል።

ቀጥሎ የንቦቹ ባለቤት ማን ነው የሚለው ተነሣ። ወ/ሮ የብርጓል ዛፉ የእኔ ነውና ንቡ የእኔ ነው አሉ። አቶ ደምለው ያጠንሁት እኔ ነኝ አሉ። ወ/ሮ ሸሪፋ፣ "ቤቱ የማኅበሩ ነው። ቤት የሚያከራየው ዛፉ ነው እንዴ? ጢሱ ነው እንዴ?" አሉ። አቶ ደምለው ዕብጠቱስ የማን ነው ሲሉ ጠየቁ። ዕብጠቱ የግላቸው መሆኑ ያለ ክርክር ታልፏል።

ወ/ሮ የብርጓል ንብ በፈቃዱ ከገባ ሲሳይ እንደሆነ፣ ሲሳይን ማባረር ደግሞ ደግ እንዳልሆነ አሳሰቡ። ወ/ሮ ሸሪፋም፣ "ተከራይ አጥተን ስናለቅስ ቆይተን ተከራይ ሲመጣ እናባርር? ደግሞስ ከዚህ ማኅበር የሚሠሩት እነሱ ብቻ ናቸው" ብለው ደገፉ። ሆኖም ወ/ሮ ሳጂዳ ያዘዙት ወፍ መሆኑን ማርያማዊት ስላስታወሰች የሚከተለው ተወሰነ።

ውሳኔ 3፦ ንቦቹ የማኅበሩ ናቸው። ማሩም የማኅበሩ ነው። ጸሐፊው እስካሁን ማር አለመኖሩን አስመዝግቧል።

ውሳኔ 4፦ ነገ ማታ አቶ ደምለው ንቦቹን በጢስ አስወጥተው ወደ ቀፎ ያዛውሩ። ተከራይ ሳይነገረው አይወጣም ስለተባለ፣ ሰብሳቢው አስቀድመው ከዛፉ ሥር ቆመው ሦስት ጊዜ በቃል ያስታውቁ።

ንቦቹ ቢወጡም እንኳ በአንድ ቀን ወፍ ከየት ይመጣል የሚለው ቀረ። ሰብሳቢው ቤታቸው ውስጥ አንዲት ጫጩት እንዳለቻቸው ገልጸው፣ ቅዳሜ ጠዋት ናሙናው ውስጥ ትግባ፣ ጭንቅላቷን ብቅ ስታደርግ ወ/ሮ ሳጂዳ ይዩ አሉ። ወ/ሮ የብርጓል ጫጩት ወፍ አይደለችም አሉ። ጸሐፊው በሙያው ተጠየቀ። ዶሮ በሳይንሱ ከአዕዋፍ ወገን መሆኗን ለማመን ተገድዷል። ይህ ግን ማታለል መሆኑን፣ በማኅበሩ ስም ሲፈጸም እንደማይስማማ፣ ጫጩትም ከፎቅ ላይ ብትወድቅ መብረር እንደማትችል አክሎ ተናገረ። አቶ ደምለው ከታች ጋቢ ዘርግተው እንደሚቆሙ ቃል ገቡ። ወ/ሮ ሸሪፋ ጫጩቷ ቢጫ ስለሆነች ከቀዩ ቀለም ጋር እንደምትስማማ ተናገሩ።

ማርያማዊት በዚህ ጊዜ ቆማ የተናገረችው ቃል በቃል የሚከተለው ነው፦

"እኔ የወፍ ቤት የሣልሁት ወፍ ስለምወድ ይመስላችኋል? ስለ ወፍ ምንም አላውቅም። ከዚህ ከተማ ሳልሄድ የምሠራው ነገር ስለፈለግሁ ነው። አምስት ዓመት ቤት መሥራት ተማርሁ። የሰው ቤት የሚያሠራኝ ሰው አጣሁ። እሺ፣ ለወፍ ልሥራ አልሁ። የመጀመሪያውን ጥሩ ቤቴን ጫጩት አጭበርብራ እንድትሸጥልኝ አልፈልግም። ከዚህስ ገንዘብ ተቀባይ ብሆን ይሻላል። እዚያ ቢያንስ የሚገባውና የሚወጣው ሰው ነው።"

ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው ድምፅ እንዲሰጥ ጠየቁ።

ውሳኔ 5፦ ጫጩቷ ትግባ። አራት ድጋፍ፣ ሁለት ተቃውሞ። የተቃወሙት ማርያማዊትና ጸሐፊው ናቸው።

ወ/ሮ ሸሪፋ "ማታለል" የሚለው ቃል ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ጠየቁ። ጸሐፊው የተነገረ ነገር አይሰረዝም አለ። ሰብሳቢው እንዲሰርዝ አዘዙት። አልሰረዘም። ከረዥም ውይይትና አንድ ወንበር ከወደቀ በኋላ የሚከተለው ተወሰነ።

ውሳኔ 6፦ ጸሐፊው ከጸሐፊነት ተነሥቷል። ሆኖም አቶ ደምለው ዓይናቸው ስለተደፈነ፣ ሰብሳቢው መነጽራቸውን ከቁርሳቸው አጠገብ ስለረሱ፣ ወ/ሮ የብርጓል ብዕር ስለማይወዱ፣ ወ/ሮ ሸሪፋ "እኔ የምጽፈው ዋጋ ብቻ ነው" ስላሉ፣ ማርያማዊት ደግሞ ንድፎቿን እየሰበሰበች ስለነበር፣ የተነሣው ጸሐፊ ተተኪ እስኪገኝ መጻፉን ይቀጥላል። ቀጥሏል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ልዩ ልዩ ከመከፈቱ በፊት ከሼዱ በር ላይ ባጃጅ ቆመ። ወ/ሮ ሳጂዳ ወረዱ።

ሰብሳቢው፣ "ቅዳሜ አልነበር እንዴ?" አሉ።

"ቅዳሜ ብመጣማ ታሰናዱልኛላችሁ። እዚህ ዘመድ ልጠይቅ መጥቼ ነው። እስቲ ሳታሰናዱት አሳዩኝ" አሉ ወ/ሮ ሳጂዳ። "ወፉ አለ?"

ሰብሳቢው፣ "አሁን እንኳ ስምሪት ላይ ናት" አሉ።

ስብሰባው በእግር ወደ ወ/ሮ የብርጓል ግቢ ተዛወረ፤ ባጃጁም አብሮ ሄደ። አቶ ደምለው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ከኋላ ተከተሉ። ማርያማዊት ንድፎቿን በብብቷ ይዛ ነበር። ብሳናው ሥር ስንደርስ ወ/ሮ ሳጂዳ ቀና ብለው ናሙናውን ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። ክቡን በር፣ ያዘነበለውን ጣራ፣ ታችኛውንና ላይኛውን ፎቅ አዩ። "ቤቱስ ያምራል" አሉ። ቀጥሎም በበሩ የሚገቡትንና የሚወጡትን አይተው፣ "ወፉ ግን ትንሽ አላነሰም?" አሉ።

ሰብሳቢው፣ "ዝርያው ነው" አሉ።

ማርያማዊት፣ "ንብ ነው እትዬ ሳጂዳ" አለች።

ሰብሳቢው በክርናቸው ነኳት። አላቆመችም። "ወፍ አንድም ቀን አልገባበትም። እትዬ የብርጓል ገብሳቸውን ሲጠብቁ ያባርሩታል። አያ ደምለው ደግሞ ቀፎ መስሏቸው አጥነውታል። ነገ ማታ ንቡን አባረን ለቅዳሜ የጋሼ ገዳሙን ጫጩት ልናስገባበት አሁን ድምፅ ሰጥተናል። እኔ ተቃውሜያለሁ። መምህርም ተቃውመዋል፤ ለዚያም ከጸሐፊነት ተነሥተዋል። ሌላ የተደበቀ ነገር የለም።"

"ጫጩት?" አሉ ወ/ሮ ሳጂዳ።

"ቢጫ ናት" አሉ ወ/ሮ ሸሪፋ። ለምን እንደተናገሩት አልታወቀም።

ወ/ሮ ሳጂዳ መልስ ከመስጠታቸው በፊት አንዲት ግራጫ ወፍ መጥታ ከናሙናው አጠገብ ካለው ቅርንጫፍ ላይ አረፈች። ጭራዋን እየዘረጋች፣ ወደ ቤቱና ወደ እኛ እያየች ያለማቋረጥ ትጮህ ጀመር። በዚህ ቅጽበት የወ/ሮ የብርጓል ቀኝ እጅ ከነጠላቸው ሥር ድንጋይ የገባበት ወንጭፍ ይዞ ወጣ። ሁላችንም አየን። ማርያማዊት ዓይኗን ጨፈነች። አቶ ደምለው፣ "የብርጓል፣ በማርያም!" አሉ። ወ/ሮ የብርጓል ድንጋዩን ከወንጭፉ አውጥተው መሬት ላይ አስቀመጡና እጃቸውን በሌላው እጃቸው ያዙት።

ወ/ሮ ሳጂዳ፣ "ይቺስ? ይቺ ወፍ አይደለችም እንዴ?" አሉ።

ሰብሳቢው፣ "እሷ ናት! ከስምሪት ተመለሰች!" አሉ።

ጸሐፊው የተነሣ ቢሆንም እውነቱን ለማስረዳት ፈቃድ ጠየቀ። ወፏ ሰዎች ማር መሪ የሚሏት ናት። ንብና ሰም ያለበትን ታውቃለች። ሰው እየጠራች ትመራለች፤ ሰው ቀፎውን ሲከፍት የተረፈውን ሰም ትበላለች። ለራሷ ቤት አትሠራም፤ እንቁላሏንም በሌላ ወፍ ጎጆ ትጥላለች። ስለዚህ የዚህ ቤት ነዋሪ ተብላ ልትመዘገብ አትችልም አለ።

ወ/ሮ ሳጂዳ፣ "ቤት የላት፤ የሰው ቤት ታሳያለች፤ ከዚያ ድርሻዋን ትበላለች። ደላላ ናት በለኛ!" ብለው ሳቁ። ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ሳቀ። ጸሐፊው ከዚህ የተሻለ ሳይንሳዊ መግለጫ እንደሌለው አምኗል።

ሳቃቸውን ከጨረሱ በኋላ ወደ ማርያማዊት ዞሩ። "ስሚ ልጄ" አሉ። "ከእናንተ በፊት አንድ ሰው እንዲህ ያለ ቤት አሳይቶኝ ነበር። ርግቧ ስትገባ ስትወጣ አየሁ፤ ደስ አለኝ። ጠጋ ብል እግሯ በክር ታስሯል። ቅዳሜ መጥቼ ያቺን ጫጩት ባገኝ ኖሮ ባጃጁን ሳላስጠፋ ነበር የምመለሰው። እንግዳዬ ሻይ ይዞ ቁጭ ብሎ የሚያየው የሚኖር ነገር ነው እንጂ የታሰረ ነገር አይደለም። ንብ ወዶት ከገባበት ወፍስ ምን ይለዋል? ካላጠናችሁትና ካልወነጨፋችሁት ይገባል። ለእኔ የወፍ የወፉን ሥሩልኝ። አንዱን ብቻ ከኋላ አጥር ጥግ አያ ደምለው አጥነው ይስቀሉልኝ፤ ይቺ ደላላ እኔም ጋ ትምጣ። ቤት የሣልሽው አንቺ ነሽ፤ ዛፎቹንም አንቺ ነሽ የምትመርጪው። መቼ ትመጫለሽ?"

ማርያማዊት፣ "ሰኞ ደብረ ማርቆስ መምጣቴ አልቀረም ነበር" አለች። ከዚያም ትንሽ ራቅ ብላ ስልኳን አወጣች። ለአክስቷ ሱፐርማርኬቱ ሌላ ሰው እንዲፈልግ ስትነግራቸው፣ ምክንያቱንም ሲጠይቋት "ለወፍ ቤት ልሠራ ነው" ስትል፣ አክስቷም ሲጮኹ ሁላችንም ሰምተናል።

አቶ ደምለው ያልተደፈነውን ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ሲጠየቁ ጥርሳቸው ነው አሉ።

በዚህ ደስታ መካከል ሰብሳቢው ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ከትእዛዙ ጋር ስለማይሄድ በሥርዓቱ መሻር አለበት አሉ። ጸሐፊው ከስብሰባው መጀመሪያ ጀምሮ ከሰብሳቢው የሰማው ትክክለኛ ሐሳብ ይህ ብቻ መሆኑን አስመዝግቧል።

ውሳኔ 7፦ ከውሳኔ 1 እስከ ውሳኔ 6 ያሉት በሙሉ ተሽረዋል። በዚህም መሠረት ወ/ሮ የብርጓል በገብሳቸው ላይ ሙሉ ሥልጣን አላቸው፤ ሌላ ናሙና ከማሳቸው ርቆ ይሰቀላል። ታፔላ አይሰቀልም። የንቦቹ ባለቤት ማን እንደሆነ አይታወቅም። ንቦቹ አይወጡም፤ ማስታወቂያም አይነገራቸውም። ጫጩቷ ከእናቷ አትለይም። ጸሐፊው አልተነሣም፤ ተነሥቶም አያውቅም።

ድምፅ አሰጣጡን በተመለከተ፦ ወ/ሮ ሸሪፋና ወ/ሮ የብርጓል ስለ ንቦቹ ባለቤትነት እንደገና ክርክር ስለጀመሩ፣ ሰብሳቢው ሥነ ሥርዓት ለማስከበር በከዘራቸው የብሳናውን ግንድ ሦስት ጊዜ በኃይል መቱ። ንቦቹ ወጡ። ሰብሳቢው ከሁሉ ቀድመው እየሮጡም ቢሆን፣ "የምትደግፉ እጅ አውጡ!" ሲሉ ተሰምተዋል። የሁሉም እጅ ከራስ በላይ ሲወጣ ታይቷል፤ የአንዳንዶቹም ሁለቱ እጆች። ውሳኔውን የደገፈውን ንብ ከሚያባርረው መለየት ስላልተቻለ፣ ውሳኔው በከፍተኛ ድምፅ እንዳለፈ ተቆጥሯል። ወ/ሮ ሳጂዳም አባል ሳይሆኑ ከባጃጁ ውስጥ ሆነው ድምፅ ሰጥተዋል። ማርያማዊት ግን እጇን አላወጣችም። ስልኳን እንደያዘች ከአጥሩ ጥግ ቆማ ትስቅ ነበር። ድምፀ ተአቅቦ ተብሎ ተመዝግቧል።

ስብሰባው ከቀኑ 7፡20 ላይ በየአቅጣጫው ተፈጽሟል።

ምስጋናው፣ ጸሐፊ